ከቴሌቪዥኑ ጎን የተሰቀለ ነጠላ

ልጄ ሳባ በቅርቡ አዲስ ቴሌቪዥን ገዛች። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ከጎን ሲያዩት የሌለ የሚመስል ዓይነት ነው። ሳባ ባንክ ቤት ትሠራለች። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ትደላደልና ጌም ትጫወታለች። «ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲጮህብኝ ውዬ፣ እዚህ ትንሽ ብተኩስ ማን ይጎዳል?» ትላለች። ቴሌቪዥኑ የተተከለ ዕለት ሪሞቱን ይዛ የማስተካከያውን ገጽ ከፈተችና ጠራችኝ።

«አባዬ፣ አንተ የቴሌቪዥን ሰው አይደለህ? የቀለም ሙቀት ይላል። ቀዝቃዛ፣ መካከለኛ፣ ሙቅ። ለጌም የቱን ላድርገው?»

ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት ሙያ ሦስት ቃል ሆኖ ከአንድ አውራ ጣት ሥር መግባቱ ትንሽ ከነከነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ደግሞ ደስም አለኝ። እኛ ያንን አንድ ነገር ለማድረግ የቴሌቪዥኑን ጀርባ እንከፍት፣ ፊት ለፊቱ መስተዋት እናቆም፣ ከጎኑ ነጠላ እንሰቅል ነበር። ነጠላው ከምን እንደመጣ ለማስረዳት ከጋሽ ተካ መጀመር አለብኝ።

ጋሽ ተካ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ መደዳ ጀርባ፣ ጠባብ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ነበራቸው። ቤቱ የራሳቸው ነበር። ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ እሱም አብሮ ሄደና ለቀበሌ ኪራይ እየከፈሉ ተቀመጡበት። «የገዛ ቤቴን ተከራይቻለሁ፤ አከራዩ ግን ጠባዩ አላማረኝም» ይሉ ነበር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሙያውን የተማሩት በወጣትነታቸው ከአንድ ጣሊያን ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ከሰውዬው የወረሱት ሁለት ነገር ነበር፦ ካቻቢቴ አያያዝና ማኪያቶ። እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነው የተቀጠርኩላቸው። ደሞዙ ለሻይና ለጫማ እድሳት ይበቃ ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቁርና ነጭ ነበሩ። ሥራው ቀላል ነበር ለማለት አይደለም፤ ግን ምስሉ ከመጣ መጣ ነው፣ ደንበኛው አመስግኖ ይሄዳል። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሰሞን የቀለም ስርጭት ሲጀመር ነገሩ ተለወጠ። ሁሉም ሰው ዳኛ ሆነ። አንዱ «ፊቱ ቀላብኝ» ይላል፤ ሌላው «ሣሩ ደረቀብኝ» ይላል። የአራዳ ልጅ ደግሞ አፉን መች ይይዛል? «ጋሽ ተካ፣ ዜና አንባቢው ብርድ መቶታል፤ እባክዎ ጋቢ ያልብሱልኝ» እያለ ነበር የሚገባው።

ጋሽ ተካ ለቀለም ቴሌቪዥን የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ቴሌቪዥኑን ከፍተው ዝም ብለው ይተዉታል። «ያልሞቀ ቴሌቪዥን ውሸታም ነው» ይሉና ጎረቤት ኬክ ቤት ገብተው፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው፣ አንድ ማኪያቶ ቀስ ብለው ይጠጣሉ። ሲመለሱ ሞቋል። ከጸጉር አስተካካይ የገዙትን ትልቅ መስተዋት ፊት ለፊቱ ያቆሙና ከጀርባው ይንበረከካሉ። እዚያ ውስጥ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን የሚቆጣጠሩ ትናንሽ ብሎኖች አሉ። የብረት ካቻቢቴ እዚያ አይገባም፣ ኤሌክትሪኩ ይገድላል። ስለዚህ ራሳቸው ከወይራ እንጨት የጠረቡት፣ ጫፉ የሰላ ዘንግ ነበራቸው። መጀመሪያ ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ያጠፉታል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ በኋላ ጥላውን ያስተካክላሉ፣ ቀጥለው ብርሃኑን። ነጩ ልክ ከመጣ ሌላው ቀለም ራሱ ቦታውን ያገኛል ባይ ነበሩ።

ነጠላው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የባለቤታቸው የእትዬ ብርቄ ነጠላ ነው፤ በእንዶድ የታጠበ። ነጭ ልብስ የሚነከርበት ያ ሰማያዊ ዱቄት የነካው ነጠላ አይሆንም። በቀን፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ነጠላውን ከቴሌቪዥኑ ጎን ይሰቅሉና አንዴ እሱን፣ አንዴ መስተዋቱን እያዩ የወይራውን ዘንግ ያዞራሉ። ጥለቱ ከምስሉ አጠገብ እንዲሆን አይፈቅዱም። ቀይና አረንጓዴ ጥለት ከነጭ አጠገብ ካለ ዓይን ይታለላል። ቴሌቪዥኑ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ስለሚሆን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ከጠረጴዛው ጀርባ ይደበቃል።

«ሰው ለብቻው ያየው ነጭ ሁሉ ነጭ ነው» ይሉኝ ነበር። «ወተትም ነጭ፣ ኖራም ነጭ፣ ጥርስህም ነጭ። ሌላ ነጭ አጠገቡ ስታመጣ ነው ውሸታሙ የሚጋለጠው።»

ሙቅና ቀዝቃዛ የሚለውንም ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ወደ ቀይ ያዘነበለው ነጭ ሙቅ ይባላል፣ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለው ቀዝቃዛ። ጎረቤታችን ወርቅ አንጥረኛ ቤት ወስደው እሳቱን አሳዩኝና «ተመልከት፣ ቀዩ ሰነፉ ነው፣ ወርቁን የሚያቀልጠው ሰማያዊው ነው። ሰው ግን ሰማያዊ ሲያይ ይበርደዋል። እኛ የምንሠራው ለእሳቱ አይደለም፣ ለሰው ነው» አሉኝ።

ከጊዜ በኋላ ጋሽ ተካ ነጠላውን መስቀል ተዉ። አንድ ቀን ልሰቅል ስል «ተወው፣ ነጩ እዚህ ገብቷል» ብለው ከዓይናቸው ሥር በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። እኔም ኮራሁባቸው። ነጠላው ተጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ቅሬታ ሲመጣ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «የጣቢያው ጥፋት ነው።» ብዙ ጊዜ እውነትም የጣቢያው ጥፋት ነበር፤ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን አረንጓዴ አድርጎ ያስተላልፍ ነበር። ጣቢያው ደግሞ የመንግሥት ነው። የሚከራከር የለም።

መቶ አለቃ በላይነህ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ሰሜን ግንባር ግራ እግሩን ጥሎ የተመለሰ፣ ሠራተኛ ሰፈር ከእህቱ ጋር የሚኖር፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ወንድሙ መርከብ ላይ ስለሚሠራ ከውጭ ትልቅ የቀለም ቴሌቪዥንና በአንቴናው ቀዳዳ የሚሰካ የጌም ማሽን አምጥቶለታል። ጌሙ እግር ኳስ ነው። መቶ አለቃው ሳይቆስል በፊት ለክፍለ ጦሩ ቡድን ይጫወት ነበር። «በእግሬ የቀረብኝን በጣቴ እጨርሳለሁ» አለን ፈገግ ብሎ። ለሱ ጨዋታ ብቻ እንዳልነበር ለመረዳት ብልህ መሆን አያስፈልግም። ጋሽ ተካ ቴሌቪዥኑን በጥንቃቄ አስተካከሉለት፣ አትክልት ተራ የሚሠራ ወዛደር ተሸክሞ ወሰደለት።

ብዙም ሳይቆይ ወዛደሩ ያንኑ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ገባ። መቶ አለቃው በክራንች ከኋላው፣ ጌሙን በፌስታል ይዞ። ሱቁ ውስጥ ደንበኞች ነበሩ።

«ጋሽ ተካ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ኳሱ ጠፋኝ» አለ።

«እንዴት ጠፋህ?»

«ኳሱ ነጭ ነው። የኔ ተጫዋቾች ማሊያ ደግሞ ውሃ ሰማያዊ። አሁን ሁሉም ሰማያዊ ሆነዋል። ኳሱ እግር ሥር ሲገባ ከማሊያው አልለየውም።»

«የጣቢያው ጥፋት ነው» አሉ ጋሽ ተካ፣ ቀና ሳይሉ።

መቶ አለቃው ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ድምፁን አልጨመረም።

«ጋሽ ተካ፣ ጌም ምን ጣቢያ አለው?»

እውነቱን ነው። ጌሙ ምስሉን ከራሱ ነው የሚያመጣው፤ ኳሱ በዚያ ማሽን ውስጥ ነጭ ሆኖ ነው የተሠራው። ሰማያዊ ሆኖ ከታየ ጥፋቱ የኛ ነው። ጋሽ ተካ ጌሙን ሰክተው፣ መስተዋቱን አቁመው፣ የወይራውን ዘንግ አነሱ። እኔም ቆሜ አየሁ። ነጩን ኳስ እያዩ ሰማያዊውን ጨመሩበት። «ቢጫ ሆኖብህ ነው» አሉት። መቶ አለቃው እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ቴሌቪዥኑን «ይቆይ፣ ተረጋግቼ እሠራዋለሁ» ብለው አስቀሩት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ አንድ ደንበኛ ማጣት ነበር። ግን በሚቀጥለው ሰኞ ጋሽ ተካ ትልቅ ሥራ ነበራቸው። በመንግሥት የተወረሰ አንድ ሆቴል የውጭ እንግዶች ሊቀበል ስለነበር በየክፍሉ ያሉትን የቀለም ቴሌቪዥኖች አንድ ዓይነት አድርገው እንዲያስተካክሉ ጠርቷቸዋል። ያን ዘመን ያየ ሰው የሚያውቀው አንድ ቃል አለ፦ አሻጥር። የመንግሥት ንብረት ከተበላሸ «ሙያው አልሆነለትም» አይባልም፤ አሻጥር ተሠራ ነው የሚባለው። የሆቴሉ ቴሌቪዥኖች በሙሉ ሰማያዊ ሆነው ቢገኙ፣ ማን ያስጠነቅቃቸዋል፣ ማንስ ይጠይቃቸዋል? በቀጥታ ወደ እስር ቤት ነው። ስለዚህ ከሰኞ በፊት ዓይናቸው እንደከዳቸው ማወቅ ነበረባቸው። የሚነግራቸው ደግሞ ከኔ በቀር አልነበረም።

መናገር አቃተኝና በጓዳ በር ልገባ ሞከርኩ። ምሳ ሲወጡ የመቶ አለቃውን ቴሌቪዥን በኔ ዓይን አስተካከልኩት። ሲመለሱ ገና ከበሩ «ማነው ይሄን ቅቤ ያስመሰለው?» ብለው መልሰው ሰማያዊ አደረጉት። በማግሥቱም እንደዚያው። እኔ አዞራለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ፤ ሁለት ሰው በአንድ ብሎን። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ከሽፎብኛል፣ ያቃጠልኩት ትራንስፎርመርም አለ፤ እንደዚያ ሰሞን ግን ሙያዬ ዋጋ ያጣብኝ ጊዜ የለም። ልክ የሆነውን አውቃለሁ፣ ልክ ማድረግም እችላለሁ፣ ግን ያስተማሩኝን ሰው ሳላዋርድ የማደርግበት መንገድ አልነበረኝም። በጣም ነበር የምወዳቸው።

ቅዳሜ መሳቢያውን ከፍቼ ነጠላውን አወጣሁ። አቧራ በልቶት ስለነበር ሥላሴ አካባቢ ወዳለው ቤታቸው ወስጄ ለእትዬ ብርቄ ሰጠኋቸው።

«ይታጠብልኝ፣ በእንዶድ» አልኳቸው።

እትዬ ብርቄ ነጠላውን ሲቀበሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አንተም ልታጣራ ነው የመጣኸው? ልብስ ማጠብ ረሳሽ አለኝኮ። ቢጫ አደረግሽው፣ እንዶድ ትሰስቻለሽ ይለኛል። ሦስቴ አጥቤ፣ አስጥቼ፣ ጎረቤት አሳይቼ... ነጭ ነው ይሉኛል፤ እሱ ግን አይቀበልም። በስተርጅና ባለሙያነቴን ያጣሁ መስሎኝ ነበር።»

«እትዬ፣ ልብሱ አይደለም» አልኳቸው።

«ገባኝኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ከገባኝ ቆየ። እኔ ብነግረው ግን ለልብሱ ማመካኛ አመጣሽ ነው የሚለኝ። አንተ ንገረው፤ ያንተን ይሰማል።»

እሑድ ጠዋት ጋሽ ተካ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሱቁን አየት የማድረግ ልማድ ነበራቸው። ቀድሜ ገባሁ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ጌሙን ሰካሁ፣ ኳሱ መሐል ሜዳ ላይ እንደቆመ ተውኩት። የመቶ አለቃው ቴሌቪዥን ለጠረጴዛው ስለከበደ መሬት ላይ ነበር። ነጠላውን እንደ ወትሮው ብሰቅለው ጥለቱ ከምስሉ አጠገብ ሊወርድ ሆነ። ስለዚህ ገለበጥኩትና ጥለቱን ወደ ላይ፣ ነጩን ወደ ታች አድርጌ ሰቀልኩት። ሳስበው የነበረው ስለ ቀለም ብቻ ነው።

ጋሽ ተካ በሩ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ኃይሉ... ማን ሞተ?»

አልገባኝም። «ምን አሉኝ ጋሼ?»

«የብርቄን ነጠላ አዘቅዝቀህ ሰቅለሃል። ማን ሞተ? ንገረኝ!»

ክው አልኩ። እኛ አገር ጥለቱ ወደ ላይ የሆነ ነጠላ መርዶ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። እኔ ለምስሉ ብዬ የገለበጥኩት ለሳቸው የባለቤታቸው ሞት ሆኖ ታያቸው።

«ማንም አልሞተም! እትዬም ደህና ናቸው፣ ትናንት አይቻቸዋለሁ። ጥለቱ ከምስሉ አጠገብ እንዳይሆን ብዬ ነው!»

«ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል? ሰው ልትገድል ነው?» ብለው በንዴት መጡና ነጠላውን ሊያቀኑ ጫፉን ያዙ። ጫፉ እንደተያዘ ቀረ። ነጠላው በአንድ እጃቸው፣ ኳሱ ከአጠገቡ። ጎንበስ አሉ። አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከደኑና አዩ። ሌላውን ከደኑና አዩ። ነጠላውን ወደ ምስሉ ይበልጥ አስጠጉት።

እኔ መስኮቱን ይበልጥ ገፋ አድርጌ ከፈትኩላቸው።

«ይሄ በእንዶድ የታጠበ ነው?»

«አዎ ጋሼ። ትናንት።»

«ነጩ እሱ ከሆነ...» አሉና ኳሱን በጣታቸው ነኩት፣ «ይሄ ሰማያዊ ነው።»

«አዎ ጋሼ።»

ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነጠላውን አላቀኑትም። «ብርቄን ስንት ጊዜ አስለቀስኳት» አሉ። ስለ ሆቴሉ የሚያነሱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ያሰቡት እትዬን ነው።

ከዚያ የወይራውን ዘንግ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ነገ አንተ ብቻህን ሂድ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን አስበውበታል። «ዓይኔ ለብቻው ዋሽቷል እንጂ ሁለት ነጭ ጎን ለጎን ካየ አሁንም ይለያል። አንተ ከኋላ ታዞራለህ፣ እኔ ከፊት አያለሁ።»

ሰኞ ሆቴሉ ሄድን። ቴሌቪዥኖቹ አጫጭር ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። መስቀያ ምስማር ስላልነበረ ጋሽ ተካ ነጠላውን ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉ፤ ነጩ ከምስሉ ትክክል እንዲወርድ ደግሞ አዘቅዝቀው ነው የለበሱት። በየክፍሉ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቀመጣሉ፣ እኔ ከጀርባው እንበረከካለሁ። «ጨምር... ቀንስ... ትንሽ መልስ... በቃ።» ቀኑን ሙሉ እንዲህ ዋልን። አንዷ የሆቴሉ ሠራተኛ አንሶላ ልትቀይር ስትገባ አየቻቸውና ደነገጠች።

«እግዜር ያጽናዎት አባቴ። ማን ሞቶብዎት ነው?»

ጋሽ ተካ ከምስሉ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም። «ዓይኔ ናት ልጄ» አሉ። «ገና አልቀበርናትም፤ ሥራዋን እየጨረሰች ነው።»

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሆኜ ሳቅሁ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረብኝ። ዘንጉን ይዤ፣ እሳቸው እንዳያዩኝ፣ ትንሽ አለቀስኩ።

ሆቴሉ ምንም አላለም፤ በዚያ ዘመን ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልነበረም። የመቶ አለቃውንም ቴሌቪዥን በዚያው መንገድ ሠራንለት። ብርሃኑን ከሌላው ሰው ዝቅ አደረግንለት። የጌም ውጤት አንድ ቦታ ቆሞ ስለሚውል በጣም ከደመቀ ስክሪኑ ላይ ጠባሳ ይተዋል። መቶ አለቃው ሱቃችን ውስጥ ሰክቶ ሞከረው፣ አንድ ጎል አገባና «አለ ኳሱ» አለ። ክራንቹን አስደግፎ ጋሽ ተካን ሳማቸው።

ጋሽ ተካ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው፤ ነጩን ሁሉ ቢጫ አድርጎ የሚያሳይ ሞራ ሸፍኖት ነበር። ፋሻው ሲነሳና ወፍራሙን መነጽር ሲያደርጉ አጠገባቸው ነበርን። እትዬ ብርቄን ከላይ እስከ ታች አዩአቸውና «ብርቄ፣ ነጠላሽ ነጭ ነው» አሉ። «ድሮስ?» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ፊታቸውን አዙረው። ጋሽ ተካ ያን ቀን የጠየቁት ይቅርታ ያ ብቻ ነው፤ የተሰጣቸውም መልስ ያ ብቻ።

እኔ በኋላ በብዙ ቦታ ሠርቻለሁ፣ በአንድ የመንግሥት ጥገና ክፍልም፣ በራሴ ሱቅም። ብዙ አለቃ አይቻለሁ። የወይራው ዘንግ እስካሁን አለኝ፤ የሚገባበት ቴሌቪዥን ግን የለም።

ለሳባ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ቁም ሣጥን ከፍቼ የእናቷን ነጠላ አወጣሁ፣ የሳሎኑን መጋረጃ ገለጥኩ፣ ነጠላውን ከአዲሱ ቴሌቪዥን ጎን ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ቴሌቪዥኑ ዝቅ ብሎ ስለተለጠፈ ጥለቱን ወደ ላይ አደረግሁት። ሪሞቱን ይዤ ቀዝቃዛውን፣ መካከለኛውን፣ ሙቁን እያፈራረቅሁ ጎንበስ ብዬ ሳይ ሳባ ከጓዳ ብቅ አለች። ፊቷ ተለወጠ።

«አባዬ... ማን ሞተ?»

ማንም አልሞተም ልላት አፌን ከፈትኩ። አልሆነልኝም።

«ጋሽ ተካ» አልኳት። «ከሞቱ ቆዩ። ነይ ከጎኑ ቁጭ በይና የቱ ነጭ ነጠላውን እንደሚመስል ንገሪኝ፤ የኔን ዓይን አላምነውም።»